አልፎ አልፎ የሚነሳ የውሃ ፓምፕና ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር፦ ዘይቱ በሰዓት ወይስ በወር ይቀየር?

የተክልዬ ሰፈር
ሰላም ለሁላችሁ። እርሻው ቢሾፍቱ አካባቢ ነው፤ ዕቃው ግን ክረምቱን እዚህ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ይከርማል። አንዱ ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ውሃ ፓምፕ ነው፣ ሞተሩ ሆንዳ ጂኤክስ 160። ሌላው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍታ። ሰዓት ቆጣሪ የላቸውም። ፓምፑ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ቢበዛ 40 ሊትር ቤንዚን ይጠጣል። መመሪያው «በየ6 ወሩ ወይም በየ100 ሰዓቱ» ይላል። 100 ሰዓት ሳይሞላ ዘይት መድፋት ብክነት አይሆንም? መቀየር ካለበትስ ሰኔ ላይ ሲቀመጥ ነው ወይስ ጥቅምት ላይ ሲነሳ? በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ማስነሳትስ ይጠቅማል?

ካንዴላ
ሰዓቱን ከቤንዚኑ እናውጣው። ጂኤክስ 160 በሙሉ ጭነት በሰዓት 1.4 ሊትር ገደማ ይጠጣል። 40 ለ1.4 ሲካፈል 29 ሰዓት አይሞላም፤ ጭነቱ ቀላል ቢሆን እንኳ 40 ሰዓት ቢደርስ ነው። እንግዲህ 100 ሰዓቱን እርሳው፣ ያንተ መለኪያ ወሩ ነው።

ነዳጅ ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፤ ከፊሉ በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) በኩል አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ በጭነት ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ ዘይቱ ግሎ ውሃው ይተናል። ሳይግል ከጠፋ ግን ውሃው እዚያው ይቀርና ከቃጠሎ ቅሪት ጋር አሲድ ይሠራል። ዘይቱ አሲድ የሚያመክን ኬሚካል አለው፣ ግን አላቂ ነው። ስለዚህ የሠራበትን ዘይት ክረምቱን ሙሉ ብረቱ ላይ አታክርመው፤ ሰኔ ላይ ቀይር። ጥቅምት ላይ ልኩንና ሽታውን ማየት ይበቃል። ቢያንስ በዓመት አንዴ ማለት ነው፤ መመሪያውን በልኩ ለመከተል በበጋው መሃል የ6 ወሩን ጨምርበት።

አሠራሩ፦ ሞተሩን አሙቀህ አጥፋ፣ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጋ፣ የመሙያውን ክዳን አውጥተህ የታችኛውን ቡሎን ፍታ። ሮንዴላውን በአዲስ ለውጥ። 10ደብሊው-30 ዘይት 0.6 ሊትር ያህል ይበቃዋል፤ ሞተሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ዘይቱ የመሙያው አፍ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ሞልቷል። ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር ቀላቃዩ) ውስጥ የቀረውን ቤንዚን አፍስስ። ካንዴላውን (እሳት ሰጪውን) ፍታና ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ንጹህ ዘይት ጨምር፣ ገመዱን ጥቂት ጊዜ ሳብና ካንዴላውን መልስ። በመጨረሻ ገመዱን በቀስታ እየሳብክ ሲከብድ አቁም፤ እዚያ ላይ ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ስለሆኑ እርጥበት አይገባም።

የ5 ደቂቃውን ነገር ተወው። ውሃ ሠርተህ ሳታተነው ታጠፋዋለህ። ፓምፕን ያለ ውሃ ማስነሳት ደግሞ ሲሉን (ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገውን) ያቃጥላል፤ እሱ ከዘይቱ የበለጠ ኪስ ይጎዳል።

ናፍታ ብቻ
በፓምፑ እስማማለሁ። ትራክተሩ ላይ ግን የዘይቱን መጥቆር አትመልከቱ፤ የናፍታ ሞተር ዘይት በጥቂት ሰዓት ይጠቁራል፣ ሥራው ጥላሸት መያዝ ነው። 15ደብሊው-40፣ ጣሳው ላይ የተጻፈው የናፍታ ዘይት ደረጃው ሲኤፍ-4 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ይሁን። ልኩን በመለኪያው ዘንግ ምልክቶች መሃል አድርጉት እንጂ በግምት አትሙሉ፤ ከበዛ ተንፋሹ (የሞተሩ አየር ማስወጫ) ይተፋዋል። ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ሞተሮች የወረቀት ፊልትሮ ሳይሆን የሽቦ ወንፊት ነው ያላቸው፤ ዘይት በተቀየረ ቁጥር አውጥቶ በናፍታ ማጠብ ነው።

ዋናው ነገር ቀለሙ ማኪያቶ ከመሰለ ነው። ክዳኑ ሥር ብቻ ትንሽ ነጭ አረፋ ካለ እርጥበት ነው፣ በጭነት ሲሠራ ይጠፋል። ኮፓው (ከታች ያለው የዘይት ቋት) ሙሉ እንደዚያ ከሆነ ግን የማቀዝቀዣው ውሃ እየገባ ነው፤ አንደኛ ተጠርጣሪ በሲሊንደሩ ካሚቻ (የውስጥ ቱቦ) ዙሪያ ያሉት የጎማ ቀለበቶች ናቸው፣ ቀጥሎ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን። ያኔ ዘይት መቀየር ምንም አይፈታም። ክረምቱን ሲቀመጥ ውሃውንም አፍስሱት።

የተክልዬ ሰፈር
አመሰግናለሁ። የፓምፑ ዘይት ሳልጨምርበት ከልኩ ከፍ ብሎ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የፊልትሮ ችግር ይሆን?

ካንዴላ
ጂኤክስ 160 የዘይት ፊልትሮ የለውም፣ የዘይት ፓምፕም የለውም፤ ዘይቱን እየረጨ ነው የሚያለሰልሰው። ያንተ የካርቡራተሩ መርፌና ተንሳፋፊ ነው፤ አይዘጋም። ቧንቧውን ክፍት እየተውክ ከሆነ ቤንዚኑ ሌሊቱን ወደ ሲሊንደር፣ ከዚያም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። አሁን አታስነሳው፤ የቀጠነ ዘይት ቢዬላውን (የፒስተኑን ክንድ) ይበላል። መጀመሪያ መርፌውን ለውጥ፣ ዘይቱን ከዚያ በኋላ።

ከፍታ
ይጨመርበት፦ ቢሾፍቱ ከባህር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ የተረፈው ሲሊንደሩን እያጠበ ዘይቱን ያቀጥናል። ካንዴላው በደረቅ ጥላሸት ከጠቆረ ምልክቱ እሱ ነው። ለከፍታ የሚሆን አነስ ያለ ጂግለር (የካርቡራተሩ ቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ጠይቅ፤ ቁጥሩን ከአሮጌው ላይ አንብበህ ሂድ።

ናፍታ ብቻ
የተረፈውን ዘይት አትድፉት፤ ጋሎኑ በደንብ ተከድኖ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለሚቀጥለው ሰኔ ይሆናል። የተቃጠለውን ግን ቱቦ ውስጥ ሳይሆን ጄሪካን ውስጥ።