በአንድ ክረምት 60 የልጆች መጻሕፍት እንዴት ይነበባሉ?

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን
ለዓመታት አማርኛ ሳስተምር ቆይቼ ዘንድሮ የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት እንድይዝ ስለተመደብኩ የክረምት ሥልጠና ጀምሬአለሁ። ከኮርሶቹ ሁሉ የከበደኝ የልጆች ሥነ ጽሑፍ ነው፤ በ8 ሳምንት 60 መጻሕፍት አንብበን ለእያንዳንዱ ካርድ እንድንሞላ ታዘናል። ሥዕላዊዎቹ 32 ገጽ ያህል ስለሆኑ ባንድ መቀመጫ ያልቃሉ፤ 12ቱ ግን ረጃጅም ልቦለዶች ናቸው። ቀን ሙቀቱ አያስነብብም፣ ማታ ልጆቼ ይፈልጉኛል። ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ተቻኩዬ ካነበብኩት ውስጥ የትኛው ለየትኛው ልጅ እንደሚሆን አለመያዜ ነው። ይህን ያለፋችሁበት እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ ከሐረር ጁገል
እህቴ፣ ሥዕላዊዎቹን ለብቻሽ በዝምታ አታንብቢያቸው። እኔ አንዱን በ5 ደቂቃ ጨርሼ «ለ2ኛ ክፍል ይሆናል» ብዬ ካርዱን ሞላሁ። ማታ ለእህቴ ልጅ ሳነብላት ግን ጣቷን ሥዕሉ ላይ አድርጋ ገጹን አላስገልጥ አለችኝ፤ ጽሑፉ «ድመቷ ጠፋች» እያለ ድመቷ ከእንስራው ኋላ ጅራቷ ብቻ ይታይ ነበር። እኔ ፊደሉን ስከተል ሥዕሉን አላየሁትም ነበር። ካርዱን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ። ለልጆችሽ ጮክ ብለሽ ብታነቢላቸው የማታው ሰዓትም አይባክንብሽም።

መልስ፦ ከድሬዳዋ ገንደ ቆሬ
እኔ ደግሞ ዝርዝሩ ራሱ ይጎድለዋል እላለሁ። የእኛ ከተማ ልጆች ቤታቸው ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ የሚነገርባቸው ሆነው ሳለ የተሰጠን መጽሐፍ ከሞላ ጎደል የአማርኛና የእንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ አስተማሪዬን አስፈቅጄ በ5 መጻሕፍት ፈንታ ከአረጋውያን የሰበሰብኳቸውን ተረቶች አቀረብኩ፤ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍትን በየርዕሱ ቁጥር በሚሰጡበት በዲዩይ አመዳደብ የሕዝብ ተረት በ398.2 የራሱ ቦታ ስላለው ከኮርሱ ውጭ አይደለም። የአንድ ተማሪ አያት በሶማልኛ «ሼኮ ሼኮ» (ተረት ተረት) ብለው ጀምረው ሰው በላዋን ባለረጅም ጆሮ ደግዴርን ሲያወሩ፣ መጽሐፍ ስሰጠው ጎኑን እየነካካ የሚመልስልኝ የ3ኛ ክፍል ልጅ ያለ ጥሪ ከፊት መጥቶ ተቀመጠ። ካርዴ ላይ የጻፍኩት የእርሱን ነገር ነው።

መልስ፦ ጡረተኛ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ከሐረር
ሁለቱም ምክሮች መልካም ናቸው፤ ልቦለዶቹ ግን እንዲቀነሱልሽ አትጠይቂ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጅ «ይህን አንብበሽዋል?» ብሎ ሲጠይቅሽ ከጀርባው ያለውን ማጠቃለያ ብትነግሪው ወዲያው ያውቅብሻል፣ ሁለተኛም አይጠይቅሽም። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1931 (እ.ኤ.አ.) ካስቀመጣቸው አምስት የቤተ መጻሕፍት ሕግጋት አንዱ ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፣ ቀጥሎ ያለው ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው ነው፤ ያላነበቡትን መጽሐፍ ከአንባቢው ማገናኘት ደግሞ አይቻልም። ልቦለዶቹን ገና ጉልበት ሳለሽ በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት፣ ንጋት ላይ ሳይሞቅ አንብቢያቸው፤ ሥዕላዊዎቹ ለመጨረሻው ይደርሳሉ። ካርዱንም መጽሐፉን በዘጋሽበት ሰዓት ሙዪው፤ ለነገ ያሳደርሽው ከሌላው ጋር ይቀላቀልብሻል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የንጋቱን ሰዓት ከነገ ጀምሬ እሞክራለሁ። የገንደ ቆሬው ወንድሜን ግን አንድ ልጠይቅ፤ ተረቶቹን የጻፍካቸው በተነገሩበት ቋንቋ ነው ወይስ ወደ አማርኛ መልሰህ?