ሰርዶ እምቢ ያለ የየብስ ኤሊ

አዳማ ነኝ። የተረከብኩት ኤሊ ወንድ ነው፤ ቅርፊቱ 34 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 7 ኪሎ። የቀድሞ ባለቤቱ እንጀራና ቲማቲም ነበር የሚያበላው።

ማደሪያው 3 በ5 ሜትር ነው፣ ለሌሊቱ ብርድ ጭድ የተነጠፈበት የጣውላ ቤት አለው። አጥሩን በቆርቆሮ ከለልኩት፤ ውጭው ከታየው ቀኑን ሙሉ ሲገፋ ይውላል።

የተቸገርኩት በምግቡ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሞቆ ሲነቃቃ ሰርዶና እሾሁ የተላጠ የበለስ ቁልቋል፣ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት ነስንሼ አቀርብለታለሁ። አሽትቶ ጥሎት ይሄዳል። ሰርዶውን ከቲማቲም ጋር ከትፌ ስቀላቅለውም ቀዩን ብቻ ለቅሞ ይተወዋል። ቲማቲሙን በአንዴ ስከለክለው 6 ቀን ጾመ፤ ስመልስለት ደግሞ ኩሱ ቀጠነ፤ ቲማቲም ውሃ ይበዛበታል እንጂ ቃጫው ጥቂት ነዋ። ዓይኑ ንጹሕ ነው፣ አፍንጫውም ደረቅ።

ቲማቲሙን በየስንት ቀኑ፣ በምን ያህል እየቀነስኩ ወደ ሣር ላሻግረው?