«የጣት ወለምታ» ማለት ይቻላል?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ ማራኪና አዘዞ ያለን ልጆች በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ የገጸ ባሕርይ ጨዋታ በአማርኛ እንጫወታለን፤ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን ታሪኩን አብረን እንጽፋለን። ታሪኩ በዐፄ ፋሲል ዘመን ነው፣ ከተማዋ ስትቆረቆር፣ እ.ኤ.አ. በ1636 አካባቢ። ትናንት አንዱ «ደጃዝማቹ ከውሻው ወጡ» ብሎ ጻፈ። «ከዋሻው» ሊል ነው። ሌላው ሳያጣራ ለውሻው ሥጋ ወረወረለት፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ሆነ። ይህን ስሕተት፣ ግድፈት ወይስ ታይፖ (እንግሊዝኛው ለትየባ ስሕተት የሚለው) እንበለው? ማንስ ነው የሚያርመው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። «ስሕተት» ሁሉንም ይይዛል፣ እሱን ልለፈው። «ግድፈት» ግን ጠበብ ይላል። ሥሩ «ገደፈ» ነው፤ በግእዝ ጣለ፣ ተወ ማለት ነው። «ጾም ገደፈ» የምንለውም ከዚሁ ነው። ስለዚህ ግድፈት በደንብ የሚስማማው አንድ ነገር ሲቀር ነው። «ንጉ መጣ» ብለህ «ሥ»ን ከረሳህ፣ ያ ግድፈት ነው። የብራና ጸሐፊዎች የዘለሉትን ቃል በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳጉ ላይ አሳንሰው ይጨምሩት ነበር፤ የተበላሸውን ደግሞ በቢላ ይፍቁታል።

የናንተ ደጃዝማች ነገር ሌላ ነው። በብዙ የስልክና የኮምፒዩተር መጻፊያ «ዋ» ለማውጣት ሁለት ቁልፍ ይነካል። ሁለተኛው ከተዘለለ «ው» ሆኖ ይቀራል። የወጣው ቃል ደግሞ ሙሉ ቃል ስለሆነ ዓይን ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ፊደል አራሚ ፕሮግራምም አይይዘውም። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባል የለ? እግር ወለም ሲል በቅቤ ይታሻል፣ አፍ ያመለጠው ቃል ግን አይመለስም ለማለት ነው። እኔ ይህንን «የጣት ወለምታ» ብለው ደስ ይለኛል። የጣት ይታሻላ!

ግን መቼና እንዴት? እናንተ ጋ የተጻፈው ቃል ራሱ ዓለሙ ነው። ማንም ሳይመልስ ከታየ ጸሐፊው ራሱ ዝም ብሎ ያስተካክል። መልስ ከመጣ በኋላ ግን የፊቱን ጽሑፍ አትንኩት፤ ዋሻ ብታደርጉት ሥጋ የወረወረው ልጅ ያበደ ይመስላል። ከታች፣ ከታሪኩ ውጭ መሆኑ እንዲታወቅ በድርብ ቅንፍ፣ «ዋሻ ለማለት ነው» ይባልና ይቀጥል።

«ማረም» የሚለውንም እዩት። ገበሬው ጤፍ ያርማል፣ መምህሩ ደብተር ያርማል፣ ቃሉ አንድ ነው። ደንቢያ ላይ ጤፍ ያረመ ያውቀዋል፦ አረሙ ለጋ ሳለ ጤፉን ይመስላል፣ ከቸኮልክ ጤፉን ትነቅላለህ። አንዲት ባልቴት በጨዋታው ውስጥ «ኸቤት አልወጣሁም» ብትል «ከቤት» እንዳታደርጉባት። የገጠሩ ጎንደር አነጋገር ነው፣ ተጫዋቿ አስባ የጻፈችው ነው። ከማረማችሁ በፊት ጠይቋት፣ አደራ።

ሞክሼ ፊደላት (ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ) ላይ አትጣሉ፣ ትርጉም የሚለውጡትን ብቻ ጠብቁ። ቄሱ «ድኅነትን ይስጣችሁ» ብለው ሊባርኩ «ድህነትን ይስጣችሁ» ተብሎ ከተጻፈ፣ መዳንን ሊመኙ ችግርን መረቁ ማለት ነው። ለተቀረው አንድ አጻጻፍ ተስማሙና ያዙት። «ፀሐይ» ብቻዋን በ2 ዓይነት ጸ እና በ6 ዓይነት ሀ 12 መልክ አላት፤ ያለፈውን ምዕራፍ በ«ጸሀይ» ስትፈልጉት በ«ፀሐይ» የተጻፈው ላይመጣላችሁ ይችላል።

አንዳንዱ ደግሞ ስሕተት ሳይሆን ያስታል። «ዘንዶው ዛሬ ይበላል»። ሲላላ ዘንዶው በላተኛ ነው፣ ሲጠብቅ ራሱ ተበላ። ፊደላችን ማጥበቅን ስለማያሳይ ዐረፍተ ነገሩን መለወጥ ነው መፍትሔው።

ማን ያርም ላልከው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዲኩመድ የሚባል የጽሑፍ ጨዋታ ተሠርቶ ነበር። «ታይፖ» የሚል ትእዛዝ አለው። ተጫዋቹ ያየውን ስሕተት እዚያው ይጽፋል፣ ከቆመበት ክፍል ቁጥር ጋር ለአዘጋጆቹ ይመዘገባል፣ ጨዋታው አይቋረጥም። እናንተም አንድ አራሚ መርጣችሁ ለብቻው ላኩለት። ሰው ፊት ማረም ሞራል ይነካል፣ በተለይ አዲስ የገባውን።

ሌላ መልስ፦ ወንድሜ፣ «ስሕተት»ን በችኮላ አለፍከው። ሥሩ እኮ «ሳተ» ነው። ዒላማ ሳተ፣ መንገድ ሳተ፣ ራሱን ሳተ እንላለን። ጣት የፈለገውን ቁልፍ ሳተ ማለት ነው፣ ከዚህ የበለጠ ምን ይስማማዋል? አንድም እንደ አንተ «የጣት ወለምታ»፣ አንድም «የጣት ስሕተት» ይባል። ለአራሚው መዝገብ ግን ሁለተኛው ይሻላል፤ ወለምታን ለጨዋታው ተዉት።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። መዝገቡ ላይ «የጣት ስሕተት» ይጻፍ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልን። አንድ ልጨምር፦ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ደርድረን አራት ነጥብ ብንሠራስ? ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የምንጽፈው።

መልስ፦ አይሁን። አራት ነጥብ ራሱን የቻለ ምልክት ነው፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ለፊደላት የሚጠቀሙበት የጋራ የቁጥር ሠንጠረዥ) ውስጥ ሲገባ የራሱ ቦታ ተሰጥቶታል። ሁለት ሁለት ነጥብ ስትደረድር ግን ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። መጻፊያህ ላይ ፈልገው፣ ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር ታገኘዋለህ።