ቼክ ቫልቩ ከጌት ቫልቩ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ሴንትሪፉጋል (በመሽከርከር ውሃ የሚገፉ) ፓምፖች ጎን ለጎን ተተክለው ወደ አንድ ዋና መስመር ይገፋሉ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ተጠባባቂ ነው። መግፊያው (ውሃ ከፓምፑ የሚወጣበት መስመር) ላይ ከፓምፑ ቀጥሎ ጌት ቫልቭ (በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ)፣ ከዚያ ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በራሱ የሚዘጋ) ተገጥሟል። ተጠባባቂው ጠፍቶ ሳለ ዘንጉ ወደ ኋላ ሲሽከረከር አየሁት። ቼክ ቫልቩን ልፈታው ብል ደግሞ ከዋናው መስመር የሚመጣውን ውሃ የሚይዝልኝ የለም። አገጣጠሙ ስህተት ነው?

መልስ 1፦
ስህተት ነው። መጀመሪያ ቼክ ቫልቭ፣ ከዚያ ጌት ቫልቭ። ለጊዜው የተጠባባቂውን ጌት ቫልቭ ዝጋው። ወደ ኋላ እየዞረ ሳለ ግን እንዳታስነሳው፤ ዘንጉን ሊሰብረው ይችላል።

መልስ 2፦
ወንድሜ፣ እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ለጠጋኙ ሳያስቡ መገጣጠም ነው። ከሁለቱ ቶሎ የሚበላሸው ቼክ ቫልቩ ነው፤ ምላሱ (የሚከፍትና የሚዘጋው ክዳን) ይመታል፣ ማጠፊያው ይበላል፣ ጠጠር ወይም የብየዳ ቅሪት መቀመጫው ላይ ተሰክቶ አላስዘጋ ይላል። ያንተም ሳይሰካበት አይቀርም። ጌት ቫልቩ ከእሱ በኋላ ቢሆን ኖሮ ዘግተህ ቼክ ቫልቩን ትፈታውና ሌላው ፓምፕ ሥራውን ይቀጥል ነበር። አሁን ግን ዋናውን መስመር ማቆምና ማፍሰስ ግድ ይሆንብሃል። እሱን ካፈሰስክ አይቀር ቦታቸውን አቀያይር።

አንድ ነገር አደራ፦ ተጠባባቂውን ከመስመሩ ስትለይ መጀመሪያ መግፊያውን፣ ከዚያ መሳቢያውን (ውሃ ወደ ፓምፑ የሚገባበትን) ዝጋ። ቼክ ቫልቩ እያሳለፈ መሳቢያውን ካስቀደምክ የመስመሩ ግፊት በሙሉ መሳቢያው በኩል ያለው ቧንቧ ላይ ያርፋል፤ ያ ቧንቧ ብዙ ጊዜ ለዚህ ግፊት የተሠራ አይደለም። ፓምፑ ሲሠራ የመሳቢያው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ይከፈት። ውሃ ለመቀነስ እሱን የሚያጠብቡ አሉ፤ ፓምፑ ውስጥ ጠጠር የሚንኳኳ ዓይነት ድምፅ ከሰማህ ካቪቴሽን (ግፊቱ ሲወርድ ውሃው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ተፈጥሮ መፈንዳቱ) ነው፣ ኢምፔለሩን (ውሃውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ ክፍል) ይበላዋል። መቀነስ ካለብህ በመግፊያው በኩል ቀንስ፣ ለዚያም ጌት ቫልቭ አይመከርም፤ በከፊል ተከፍቶ ከቆየ መቀመጫው ይሸረሸራል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። የሚሠራው ፓምፕ ሲቆም ደግሞ ቼክ ቫልቩ በኃይል ይላተማል፣ ቧንቧውም ይናወጣል። ይሄስ?

መልስ 2፦
ምላሱ የሚዘጋው ውሃው ወደ ኋላ መመለስ ከጀመረ በኋላ ስለሆነ ነው። ስፕሪንግ ያለው ዓይነት ውሃው ሳይመለስ ይዘጋል፤ ስታቀያይር በዚያ ተካው። እስከዚያ ከማጥፋትህ በፊት መግፊያውን ቀስ እያልክ ዝጋ፣ እንደተዘጋ ወዲያው አጥፋ። ተዘግቶ ብዙ ከሠራ ውስጡ ያለው ውሃ ይግላል።

መልስ 3፦
ቦታ ካለህ ፓምፑና ቼክ ቫልቩ መሃል ትንሽ ቀጥ ያለ ቧንቧ ተው። ከፓምፑ የሚወጣው ውሃ ስለሚናወጥ አፉ ላይ የተጠጋ ምላስ ይርገበገባል። የግፊት መለኪያውንም እዚያው መሃል ግጠመው፤ መግፊያውን ዘግተህ ስታስነሳ ፓምፑ ራሱ የሚሰጠውን ግፊት ታያለህ።