ቮልስ ላይ የተገጠመ ኤልኢዲ የፊት መብራት አስቸገረኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. የ1972 ስሪት፣ ባለ 12 ቮልት ቮልስ አለችኝ። የፊት መብራቷ ስለደከመ ክቡን ባለ 7 ኢንች ኤልኢዲ አስገጠምኩላት። ጀርባው ወፍራም ስለሆነ የመብራቱ ቤት ውስጥ አልገባ ብሎ ነበር፤ እሱ እንኳ በትግል ገባ።

የቸገረኝ ሌላ ነው። አጭሩን መብራት (ቅርቡን የሚያሳየውን) አብርቼ ግድግዳ ላይ ሳየው ብርሃኑ በግራ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። እኛ ቀኝ ይዘን ስለምንነዳ መውጣት የነበረበት በቀኝ ነው። ግራ ይዘው ለሚነዱ አገሮች የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። ከጣርማበር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና በጉም ስወርድ ከፊት የሚመጣው አይሱዙ ሁሉ ረጅሙን እያበራ ይሰድበኛል (አይፈረድበትም)። በብሎኑ ዝቅ ሳደርገው ደግሞ መንገዱ አይታየኝም። ሻጩ «አዙረህ ግጠመው» ይላል፤ ቢዞር ብርሃኑ ከመንጋደድ በቀር ምን ይፈይዳል?

በዚያ ላይ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲሆን መብራቱ ይርገበገባል፤ ነዳጅ ስሰጠው ይረጋል። ዲናሞዋ የጥንቷ ናት። ችግሩ ከእሷ ነው ወይስ ከኔጌቲቩ (ከቦዲው ጋር ከሚታሰረው ሽቦ)?

ቮልስ የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች፣ የቀኝ መንገድ ኤልኢዲ ልፈልግ ወይስ የድሮውን መብራት መልሼ ኤች 4 (ባለ ሁለት ክር ሃሎጂን) አምፖል በሪሌ (ለመብራቱ በቀጥታ ከባትሪ ኃይል በሚያቀብል ማብሪያ) ላሠራ? ሪሌውስ የት ቢታሰር ይሻላል?