የጌሚንግ ላፕቶፕና የውጭ ሞኒተር፦ አዳፕቲቭ ሲንክ በኤችዲኤምአይ ለምን አይበራም?

ከዚራ (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ከሚባለው ገበያ የገዛሁት ያገለገለ ጌሚንግ ላፕቶፕ አለኝ፤ ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5፣ ግራፊክስ ካርዱ የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1650 ነው። በቅርቡ 24 ኢንች የሆነ፣ እስከ 144 ሄርዝ የሚደርስ (በሰከንድ 144 ጊዜ የሚታደስ)ና ካርቶኑ ላይ «ፍሪሲንክ» (የሞኒተሩን የመታደስ ፍጥነት ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያስማማው አዳፕቲቭ ሲንክ አንዱ ዓይነት) ተብሎ የተጻፈበት ሞኒተር ገዝቼ በኤችዲኤምአይ ኬብል አገናኘሁት። ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ዊንዶውስም 144 ሄርዝን ያለ ችግር ተቀብሏል። ችግሩ የሚመጣው ጌም ስጫወት ነው። በተለይ ካሜራውን ወደ ጎን ሳዞር ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ ወገቡ ላይ ተቆርጦ፣ የላይኛው ክፍል ከታችኛው ፈቀቅ ብሎ ይታየኛል። ቪ-ሲንክ የሚባለውን የመቆረጥ መከላከያ ሳበራ መቆረጡ ይቀራል፤ ነገር ግን እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል፣ ማውሱም ከእጄ ዘግይቶ ይከተለኛል።

በሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ ፍሪሲንክን አብርቻለሁ፣ ድራይቨሩንም አዲሱን ጭኛለሁ። ይሁን እንጂ በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ጂ-ሲንክን (የኤንቪዲያን አዳፕቲቭ ሲንክ) ማብሪያ የሚባለው ገጽ ጭራሹኑ የለም። ሞኒተሩን የሸጠልኝ ሰው ፍሪሲንክ የተፎካካሪው ካርድ ሠሪ የኤኤምዲ ስለሆነ ከኤንቪዲያ ጋር እንደማይሠራ ነግሮኛል። ሌላ ሰው ደግሞ የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ የሞኒተሩ 144 ሄርዝ በትክክል ሊሠራ አይችልም አለኝ። ከዚህ ውስጥ እውነቱ የቱ ነው? ሌላ ኬብል ከመግዛቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ጀጎል (ሐረር)

ወንድሜ ከዚራ፣ ሁለቱም የተነገረዎት ነገር ትክክል አይደለም። ስለ መብራቱ አጭሩን ልመልስ። ሞኒተሩ ከግድግዳ የሚያገኘውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በራሱ ፓወር ሰፕላይ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሚቀይረው፣ የመስመሩ 50 ሄርዝና ስክሪኑ በሰከንድ የሚታደስበት ቁጥር በስም ብቻ ነው የሚገናኙት። እዚህ ላይ ሐሳብ አይግባዎ።

የኤንቪዲያው ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ሻጮች እስከ ዛሬ የሚደግሙት በአንድ ወቅት እውነት የነበረውን ነገር ስለሆነ ነው። ኤንቪዲያ በፈረንጆቹ 2013 ጂ-ሲንክን ያስተዋወቀው የራሱ የሆነ ልዩ ቦርድ በተገጠመላቸው ውድ ሞኒተሮች ላይ ነበር። በ2014 ደግሞ የስክሪን ደረጃዎችን የሚያወጣው ቬሳ የተባለው ማኅበር አዳፕቲቭ ሲንክን በዲስፕሌይ ፖርት (እንደ ኤችዲኤምአይ ያለ ሌላ የምስል ማገናኛ) 1.2ኤ ውስጥ ለሁሉም ክፍት አድርጎ አካተተው፤ ኤኤምዲም ፍሪሲንክን የሠራው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። በእነዚያ ዓመታት የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ሰው በፍሪሲንክ ሞኒተር ላይ ይህን ጥቅም አያገኝም ነበር። በጥር 2019 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኤንቪዲያ በሩን ከፈተና ከጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ጀምሮ ያሉ ካርዶች ከአዳፕቲቭ ሲንክ ሞኒተሮች ጋር እንዲሠሩ ፈቀደ። የእርስዎ 1650 ከዚያ በኋላ የመጣ ስለሆነ በዚህ ውስጥ ይገባል።

ታዲያ ለምን አልሠራም ካሉ፣ መልሱ የተጠቀሙበት መውጫ ላይ ነው። ኤንቪዲያ ያን ጊዜ የፈቀደው በዲስፕሌይ ፖርት በኩል ለሚገናኙ ሞኒተሮች ነው። በኤችዲኤምአይ በኩል ተለዋዋጭ ሪፍሬሽ ሬት (የስክሪኑ የመታደስ ፍጥነት መለዋወጥ) ደረጃውን የጠበቀ ባሕርይ የሆነው በኤችዲኤምአይ 2.1 ሲሆን፣ የእርስዎ ካርድ ያለው መውጫ የ2.0 ትውልድ ነው። ሞኒተርዎ በኤችዲኤምአይ ፍሪሲንክ ይሠራል ተብሎ የተጻፈበት ሊሆን ይችላል፤ ያ ግን ኤኤምዲ ለራሱ ካርዶች ያዘጋጀው መንገድ ስለሆነ ከኤንቪዲያ ካርድዎ ጋር አይነጋገርም። ስለዚህ ኤችዲኤምአዩ 144 ሄርዝ ማስተላለፉ እውነት ነው፤ 144 ሄርዝ ማስተላለፍና ሄርዙን ካርዱ ከሚያወጣው ፍሬም (አንድ ሙሉ ምስል) ጋር እያስማሙ መለዋወጥ ግን የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው።

ለምን ያን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ደግሞ በቁጥር ይታያል። በ144 ሄርዝ ስክሪኑ በየ6.9 ሚሊሰከንዱ ከላይ ወደ ታች ይታደሳል። ካርድዎ ፍሬሙን የሚጨርሰው ግን አንዴ በ9፣ አንዴ በ14 ሚሊሰከንድ ነው። ስክሪኑ እየታደሰ መሃል ላይ ሳለ አዲስ ፍሬም ከመጣ የላይኛው ግማሽ ከአሮጌው፣ የታችኛው ከአዲሱ ይሆናል፤ ምሰሶው የተቆረጠብዎ በዚህ ምክንያት ነው። ቪ-ሲንክ ይህን የሚከላከለው ፍሬሙን እስከሚቀጥለው ዙር ድረስ በማስቆየት ስለሆነ፣ ለጥቂት ያመለጠው ፍሬም ሙሉ ዙር ይጠብቃል፤ መንገጫገጩና መዘግየቱም ከዚያ ይመጣል። በአዳፕቲቭ ሲንክ ግን ሞኒተሩ ራሱ ካርዱን ይጠብቃል፤ ከድሬዳዋ ሐረር የሚመላለሰው ሚኒባስ ሰዓት ሳይሆን መሙላቱን አይቶ እንደሚነሳ ሁሉ፣ ፍሬሙ ሲያልቅ ያን ጊዜ ይታደሳል።

ዲስፕሌይ ፖርት በላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በታይፕ ሲ (ትንሹ ሞላላ የዩኤስቢ ቀዳዳ) በኩል ስለሆነ፣ አሁን ማየት ያለብዎት ይህን መውጫ ነው። አጠገቡ ዲ ፊደልን በውስጡ የያዘ ፒ የሚመስለው የዲስፕሌይ ፖርት ምልክት ወይም የተንደርቦልት መብረቅ ካለ ምስል ያወጣል። ምልክት ስለሌለ ብቻ አያወጣም ማለት ስላልሆነ የላፕቶፑን ሞዴል መግለጫ ማየት ይሻላል፤ ዳታ ብቻ የሚያስተላልፉም ብዙ አሉና።

ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ጀጎል ያሉት በሙሉ ትክክል ነው። እኔ ላፕቶፕ ጠጋኝ እንደመሆኔ ሰዎች ገንዘባቸውን የሚያባክኑበትን ቦታ ልጨምር።

የሚያስፈልግዎት በአንድ ጫፉ ታይፕ ሲ፣ በሌላው ጫፉ ዲስፕሌይ ፖርት ያለው ቀጥተኛ ኬብል ነው። ገበያ ውስጥ «ኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይ ፖርት» ተብለው የሚሸጡ ርካሽ ኬብሎች አሉ፤ አብዛኞቹ የሚሠሩት ከዲስፕሌይ ፖርት መውጫ ወደ ኤችዲኤምአይ ሞኒተር ብቻ ነው። ገልብጠው ከላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ ወደ ሞኒተሩ ዲስፕሌይ ፖርት ቢሰኩት ስክሪኑ ምንም አያሳይም። በዚህ አቅጣጫ የሚሠራ፣ በዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ቀያሪ ቢያገኙ እንኳ ከላፕቶፑ የሚወጣው ሲግናል ያው ኤችዲኤምአይ ስለሆነ አዳፕቲቭ ሲንክን አያመጣልዎትም። ብዙ ቀዳዳ ያላቸውን የታይፕ ሲ ሀቦችም ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ በውስጣቸው ሲግናሉን ወደ ኤችዲኤምአይ ስለሚቀይሩት ብዙ ጊዜ ይህ ባሕርይ እዚያው ይቀራል።

ሌላው ነገር፣ በላፕቶፕ ውስጥ ሁለት ግራፊክስ አለ፤ አንደኛው ከራይዘኑ ጋር አብሮ የተሠራው የኤኤምዲ፣ ሁለተኛው የኤንቪዲያው። ፋብሪካው ታይፕ ሲውን ከየትኛው ጋር እንዳገናኘው በሞዴሉ ይወሰናል፤ ከውጭ በማየትም አይታወቅም። ኬብሉን ሰክተው በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ኮንፊገር ሰራውንድ፣ ፊዝኤክስ» የሚለውን ገጽ ሲከፍቱ ሞኒተሩ በየትኛው ግራፊክስ ሥር እንደተያያዘ በመስመር ተስሎ ያገኙታል። በጂቲኤክሱ ሥር ከሆነ የጂ-ሲንክ ገጹ ይመጣል። በኤኤምዲው ሥር ከሆነ ደግሞ ተስፋ አይቁረጡ፤ ማብሪያው በኤኤምዲ ሶፍትዌር ውስጥ ይሆናል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ጌሙን የሚሠራው ኤንቪዲያው ሆኖ የተጠናቀቀው ፍሬም በኤኤምዲው በኩል ስለሚያልፍ ትንሽ ፍጥነት ይቀንሳል።

ለኬብሉ ከመክፈልዎ በፊት ላፕቶፑን ይዘው ሄደው እዚያው ሱቁ ውስጥ ማንኛውም የዲስፕሌይ ፖርት ሞኒተር ላይ ቢሞክሩት ከሁሉ ይሻላል። ደህና ነጋዴ ይህን አይከለክልዎትም።

ሸዋ በር (ሐረር)

ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ጠያቂው የሚጫወቱት ጌም ቀላል ከሆነና ካርዱ ሳይዋዥቅ 72 ፍሬም መያዝ ከቻለ፣ ሞኒተሩን 144 ሄርዝ ላይ አድርጎ ፍሬሙን 72 ላይ መገደብ ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ ብዙ ይረዳል፤ እያንዳንዱ ፍሬም ለሁለት ዙር እኩል ስለሚታይ መንገጫገጩ ይቀንሳል። ኬብሉ ጥቅም የለውም ማለቴ ሳይሆን መጀመሪያ ይህን ይሞክሩ ለማለት ነው።

ጀጎል (ሐረር)

ሸዋ በር ያሉት ካርዱ በእርግጥ ከ72 በታች ካልወረደ ይሠራል። ነገር ግን ጠያቂው ያሉት ድሬዳዋ ነው። ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት ላፕቶፕ ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ሲቀንስ ፍሬሙ ከ90 ወደ 60 መውረዱ የተለመደ ነው፤ አንዴ ከ72 ሲያንስ ደግሞ እኩልነቱ ይፈርሳል። የሚዋዥቅ ፍሬም ላለው ሰው ነው አዳፕቲቭ ሲንክ ዋጋውን የሚያወጣው፤ ስለዚህ እኔ ኬብሉን እንዲገዙ ነው የምመክረው።

ከዚራ (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሸዋ በርን ምክር ሞክሬ ጠዋት ላይ በጣም ጥሩ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ጀጎል እንዳሉት ሆነ። ከዚያም ሳቢያን ያሉትን ዓይነት ቀጥተኛ ኬብል ሱቅ ውስጥ ሞክሬ ገዛሁ። ሞኒተሩ በጂቲኤክሱ ሥር ሆኖ ታየ፣ የጂ-ሲንክ ገጹም መጣ። የሞኒተሩን የራሱን የሄርዝ ማሳያ ከፍቼ ስጫወት ቀድሞ 144 ላይ ተተክሎ የነበረው ቁጥር አሁን 87፣ 93፣ 79 እያለ ከፍሬሙ ጋር ይሄዳል። ምሰሶውም አይቆረጥም።

የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። በጨለማ ቦታዎችና ጌሙ በሚጫንበት ጊዜ የስክሪኑ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለተኛው፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንዴ ሁሉም ነገር እንደ ቀድሞው ወደ መንገጫገጭ ይመለሳል።

ጀጎል (ሐረር)

እንኳን ደስ አለዎት። የብልጭታው ነገር በተለይ ቪኤ በሚባሉት ፓነሎች ላይ የሚታወቅ ነው። ሄርዙ በድንገት በብዙ ሲለዋወጥ የፒክስሎቹም ብርሃን በጥቂቱ ይለዋወጣል፤ ዓይን ደግሞ ይህን በጨለማ ምስል ላይ ቶሎ ይይዘዋል። ፈጽሞ አይጠፋም፤ ግን ይቀንሳል። መጀመሪያ የሞኒተርዎን የሥራ ክልል ይመልከቱ። ብዙዎቹ 144 ሄርዝ ሞኒተሮች ከ48 እስከ 144 ድረስ ይሠራሉ። ፍሬሙ ወደ 40 ከወረደ ድራይቨሩ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ እያሳየ ስክሪኑን በ80 ሄርዝ ያስኬደዋል፤ ፍሬሙ በ48 ዙሪያ ከፍ ዝቅ ሲል ግን ስክሪኑ ከ48 ወደ 94፣ ከ94 ወደ 48 ይዘላል፤ ብልጭታውም ያን ጊዜ ይበረታል። መፍትሔው የጌሙን ጥላና የምስል ጥራት ቀነስ አድርገው ፍሬሙ ሁልጊዜ ከ55 በላይ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ከላይ በኩል ደግሞ 140 ላይ ይገድቡት፤ 144ን ሲነካ ከክልሉ ስለሚወጣ መቆረጡ ወይም መዘግየቱ ይመለሳል። ቪ-ሲንክን በኤንቪዲያ ፓነል ውስጥ አብርተው በጌሙ ውስጥ ያጥፉት። ከጂ-ሲንክ ጋር ሆኖ በክልሉ ውስጥ እስካሉ ድረስ የድሮውን መዘግየት አያመጣም።

ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ስለ መብራቱ እኔ ልመልስ። መብራት ሲሄድ ሞኒተሩ ይጠፋል፣ ላፕቶፑ ግን በባትሪ ይቀጥላል፤ ዊንዶውስም ምስሉን ወደ ላፕቶፑ ስክሪን ይመልሰዋል። መብራቱ ሲመጣ ሦስት ነገር ይፈትሹ፦ ዊንዶውስ ሞኒተሩን በ60 ሄርዝ አስነስቶት እንደሆነ፣ ሁለቱ ስክሪኖች አንድ ምስል ወደሚያሳዩበት ሁኔታ ገብተው እንደሆነ፣ ቻርጀሩም በትክክል እየሞላ እንደሆነ። ላፕቶፑ በባትሪ ላይ ሳለ ኤንቪዲያ ባትሪ ለመቆጠብ ፍሬሙን ወደ 30 ሊገድበው ይችላል፤ ይህ ሲሆን ሰው ኬብሉ የተበላሸ ይመስለዋል። የዊንዶውስና የፒ ቁልፎችን አብረው ተጭነው የውጭው ስክሪን ብቻ እንዲሠራ ይምረጡ። የላፕቶፑን ክዳን ግን አይዝጉት፤ ብዙዎቹ ሙቅ አየር የሚያስወጡት ከመጋጠሚያው አካባቢ ስለሆነ በእኛ ከተማ ሙቀት ይህ ይጎዳቸዋል።

አነስተኛ ዩፒኤስ ካለዎት ሞኒተሩን ብቻ ከእሱ ጋር ያገናኙት። የ24 ኢንች ሞኒተር አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ትንሹም ዩፒኤስ ይበቃዋል፤ የጌሚንግ ላፕቶፕ ቻርጀር ግን ብዙ እጥፍ ስለሚስብ አብሮ ከተሰካ ቶሎ ይጨርሰዋል። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው፣ በአጭር መቆራረጥ ጊዜ ሞኒተሩ ካልጠፋ ዊንዶውስ ቅንብሩን የሚቀይርበት ምክንያት አይኖረውም።