ለጥምቀት ካሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ የቱን ልበለው? ባለ መብራትና ባለ መዝገበ ቃላት ኢ-ሪደር

የአዘዞዋ፦
ሰላም ሰላም። የአጎቴ ልጅ ካሜሪካ ለጥምቀት ይመጣል። ምን ላምጣልሽ ሲለኝ ኢ-ሪደር (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) አልኩት፣ እሺ አለና በነጋታው የላከልኝ ሊንክ ከአስር ይበልጣል፣ አይቼ አይቼ ለእኔ ሁሉም ያው ጥቁር ፍሬም ያለው ሰሌዳ ነው። የምታውቁ እባካችሁ።

ጉዳዬን ልንገራችሁ። ሃይስኩል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ ቤቴ ጎንደር አዘዞ ነው፣ አንድ ክፍል፣ ልጄ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይተኛል፣ እኔ ደግሞ ማንበብ የምችለው ያኔ ብቻ ነው። አምፖል ባበራ ይነቃል፣ ባይነቃም መብራቱ ራሱ ይሄዳል፣ ያው ታውቁታላችሁ። በስልክ ሞከርኩ፣ ዓይኔ ይቃጠላል፣ ደግሞ ሁለት ገጽ ሳልጨርስ ቴሌግራም ይጮሃል፣ እሱን አየት ላርግ ብዬ እገባና 6 ሰዓት ይሆናል። ሌላው መዝገበ ቃላቱ ነው። አስተማሪ ሆኜ ማውራቱ ያሳፍራል ግን የእንግሊዝኛ ልብወለድ ሳነብ በየገጹ ሦስት አራት ቃል እየዘለልኩ ነው የማልፈው፣ ቃሉን ጫን ሳደርገው ትርጉሙ ብቅ የሚል ያለ ኢንተርኔት የሚሰራ ነገር ነው የምፈልገው። ከዛ አማርኛ፣ ስልኬ ላይ ከቴሌግራም ያወረድኳቸው 60 የሚሆኑ ሶፍት ኮፒዎች አሉ፣ እነሱን ይከፍታል? የአማርኛ መዝገበ ቃላትስ አብሮት ይመጣል? ዋጋው ከ150 ዶላር ባያልፍ፣ ዘመድ ነው ተብሎ ሰው አይራቆትም።

ፒያሳ_ፋርማሲ፦
እንኳን ጫማ አላልሽው 😄

እኔ ያለኝ ኪንድል ፔፐርዋይት የሚባለው የአማዞን ሪደር ነው፣ የ2021ዱ (በነሱ አቆጣጠር)፣ ፋርማሲ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ስሆን ጓደኛዬ እሱ ነው። ስለ መብራቱ አትስጊ፣ እንደ ስልክ ከኋላ ወደ ዓይንሽ አይተኩስም። ኤልኢዲ የሚባሉ ትንንሽ መብራቶች ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል፣ ብርሃኑ ከላይ ባለች ስስ ሽፋን ውስጥ ይሄድና ገጹ ላይ ይወርዳል፣ አንቺ የምታዪው ገጹ ላይ አርፎ የተመለሰውን ነው፣ መጽሐፍ ላይ ኩራዝ እንደማስጠጋት በይው ጭሱ የሌለው። ዝቅ ስታደርጊው አጠገብሽ ያለ ልጅ አይነቃም፣ እኔ ወንበር ላይ የተኛ ዘበኛ አጠገብ ነው የማነበው።

ልዩነት ግን አለው። ርካሹ ኪንድል ኤልኢዲው 4 ነው፣ የኔ 17። የርካሹ ብርሃን ነጭ ብቻ ነው፣ ፔፐርዋይቱ ወደ ቢጫ ወደ ሻማ ቀለም ይቀየራል፣ እና ለሌሊት አንባቢ እኔን ከጠየቅሽኝ ከሌላው ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ዋጋው ግን ያናድዳል፣ በ2024 የወጣው ርካሹ 110 ዶላር ነበር አዲሱ ፔፐርዋይት 160፣ በአስር ዶላር አለፈሽ ማለት ነው። ያውም ይሄ ሲዘጋ ስክሪኑ ላይ ማስታወቂያ የሚያሳየው ዋጋ ነው፣ ማስታወቂያ የሌለው 20 ዶላር ይጨምር ነበር።

መዝገበ ቃላቱ እንዳልሽው ነው፣ ቃሉን ጫን፣ ትርጉሙ ብቅ። አንዴ በዋይፋይ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። የፈለግሻቸውን ቃላት በሙሉ ደግሞ ለብቻ ያስቀምጥልሻል፣ በኋላ እንደ ፍላሽ ካርድ ትጠየቂባቸዋለሽ፣ ለተማሪዎችሽ ፈተና ማውጫ ይሆንሻል ሃሃ። ቻርጁን በተመለከተ "ለሳምንታት" ሲሉ አትመኚ፣ እነሱ የሚቆጥሩት በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ዋይፋይ አጥፍተሽ ስታነቢ ነው፣ እንደኛ ሌሊቱን ሙሉ ለሚያበራ ቶሎ ነው የሚያልቀው። ቢሆንም መብራት ሁለት ሦስት ቀን ቢጠፋ ስልክሽ ሞቶ እሱ ይቆይሻል።

የአማርኛውን ለሌላ ሰው ልተው፣ እኔ በሱ የማነበው እንግሊዝኛ ብቻ ነው።

ባለ_ኮቦ_ማራኪ፦
እታለም አንድ ነገር ሳትነግሪን የቱን ልግዛ አትበይ። እነዛ 60 ፋይሎች ምንድን ናቸው? አንዱን ክፈቺና ስልክሽ ላይ አንድ ቃል ጫን ብለሽ ለመምረጥ ሞክሪ። ቃሉ ከተመረጠ ጽሑፍ ነው። ካልተመረጠ የመጽሐፉ ፎቶ ነው፣ ሰው መጽሐፉን ገልጦ ስካን አድርጎት ነው (ደራሲዎቹ ይሄን ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው እሱ ሌላ ወሬ ነው)። ፎቶ ከሆነ ኪንድልም ሆነ ኮቦ (ሌላው የሪደር ዓይነት) 6 ኢንች ስክሪን ላይ ጉንዳን ነው የሚመስለው፣ ፊደሉን ማሳደግ የለ፣ መዝገበ ቃላት የለ፣ ማጉላት ትችያለሽ ግን በየመስመሩ ገጹን በጣትሽ እየጎተትሽ ነው፣ ኢ-ኢንክ (የሪደሮች ስክሪን) ደግሞ ሲጎትቱት ቀስ ነው የሚለው ትዕግስትሽ ያልቃል። አግድም አዙረሽ ግማሽ ግማሽ ገጽ ማንበብ ትንሽ ይሻላል። ለስካን የሚሆነው 10 ኢንቹ ነው፣ እሱ ደግሞ ባንቺ ባጀት አይታሰብም።

ጽሑፍ ከሆኑ ግን መንገድ አለ። እኔ የምጠቀመው ኮቦ ክላራ ነው። የ2024ቱ ክላራ ቢደብልዩ ሲወጣ 130 ዶላር ነበር፣ 6 ኢንች፣ ቢጫ ብርሃን አለው፣ ውሃ አይፈራም። ባንቺ ሂሳብ ቁጭ ይላል። ኢፐብ የሚባለውን የተለመደ የመጽሐፍ ፋይል በኬብል ገልብጠሽ መክፈት ነው ሌላ ጣጣ የለውም። ኪንድል በኬብል የተገለበጠ ኢፐብ አይከፍትም፣ ወይ በኢሜይል ትልኪለታለሽ ወይ ካሊበር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ትቀይሪዋለሽ።

ፎንት (የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል) ላይ አንድ ቀን ሙሉ ነው ያለቀብኝ። ድሮ ከሰው በወረስኳት አሮጌ ሪደር አማርኛ ስከፍት ገጹ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆነብኝ፣ ተበላሸች ብዬ ልጥላት ነበር። ለካ የግዕዝ ፊደል የያዘ ፎንት ስለሌላት ነው። አሁን ያሉት ላይ ቀላል ነው፣ ኖቶ ኢትዮፒክን ወይ አቢሲኒካን በነጻ አውርደሽ ሪደሩ ውስጥ ፎንትስ ብለሽ በእንግሊዝኛ ፎልደር ከፍተሽ መክተት፣ ከዛ ከፎንት ዝርዝሩ መምረጥ። ኮቦም ኪንድልም ይቀበላሉ።

በዚህ የማይድን ግን አለ፣ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የድሮ የዎርድ ፋይሎች። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው (የፈረንጅ)፣ እነዛ ፕሮግራሞች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አማርኛ እየሳሉ ነበር የሚሰሩት፣ እና ያለ ራሳቸው ፎንት ሲከፈቱ የሰካራም እንግሊዝኛ ነው የሚወጣው። እነሱን በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ካላዞርሻቸው የትኛውም ሪደር አያነብልሽም።

የቀድሞ_መምህር፦
ልጄ፣ ስለ አማርኛ መዝገበ ቃላቱ የመለሰልሽ የለም፣ እኔ ልመልስ። አብሮት የሚመጣ የለም። ኪንድሉም ላይ ኮቦውም ላይ የለም። ግን ቢኖርስ ብለሽ አስቢው። እንግሊዝኛው የሚሰራው ቃሉ ብዙ ስለማይለዋወጥ ነው፣ የተለዋወጠውንም አዘጋጆቹ አስረውታል፣ "ዌንት" ብለሽ ስትጫኚ "ጎ" ጋ ይወስድሻል። የኛ ግን ቃል ብቻውን መች ይሄዳል? መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ያለው "መጣ" ነው፣ ገጹ ላይ ያለው "ስላልመጣላቸው"። ከፊት ሁለት ሦስት፣ ከኋላ ሁለት ሦስት ተቀጥሎበታል። ማሽኑ ያንን ሁሉ ገፎ ግንዱን ካላገኘ "አልተገኘም" ነው የሚልሽ። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ከታተመ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ እኛ ያን ግንድ ማግኘት በራሳችን ጭንቅላት ነው የምንሠራው፣ ተማሪዎቼ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይፈጅባቸው ነበር።

እኔ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ልጄ ባመጣችልኝ ሪደር ነው የማነበው፣ ፊደሉን ቡጢ አሳክዬ። መነጽር ፍለጋ ቀርቷል፣ ለሱ አመሰግናለሁ።

ባለ_ኮቦ_ማራኪ፦
ጋሼ ትክክል ብለዋል። አንድ ማለፊያ ግን አለች፣ ኮ-ሪደር የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ (ኮሪደር ልማት አይደለም 😂)፣ ኮቦ ላይ ብዙ ሳያስቸግር ይገባል፣ ኪንድል ላይ መጀመሪያ እስሩን መስበር (አምራቹ የጣለበትን ገደብ ማንሳት) ይጠይቃል። እሱ ስታርዲክት የሚባለውን ዓይነት መዝገበ ቃላት ይቀበላል፣ ራስሽ የሠራሽውንም ጭምር። እኔ የከበዱኝን ጥቂት መቶ የአማርኛ ቃላት እንደዛ አድርጌ ከትቻለሁ፣ "ስላልመጣላቸው"ን አያውቅም ግን "ዕጓለ ማውታ"ን ያውቃል፣ ለኔ በቂ ነው።

ሳሙና_በር፦
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ካሜሪካ ባይሳካና ያገለገለ ልግዛ ካልሽ ተጠንቀቂ። እኔ አዲስ አበባ አንድ ሱቅ "ኦሪጅናል ነው፣ ትንሽ ነው የተሠራበት" ብለው ሸጡልኝ፣ ጎንደር ደርሼ ስከፍተው የሌላ ሰው አካውንት ውስጥ ነው ያለው፣ የማላውቀው ሰው መጻሕፍት ተደርድረዋል፣ ከዛ እንዴት እንደማወጣው ግራ ገባኝ። ሱቁ ጋ ስደውል ስልኩ አይነሳም። ሳትከፍዪ በፊት ሴቲንግ ገብተሽ አካውንቱ መውጣቱን አይተሽ፣ መብራቱን ጨለማ ውስጥ እስከ ጥግ ከፍ አድርገሽ፣ ስክሪኑ ላይ የማይጠፋ መስመር መኖሩን አይተሽ። ስክሪኑ ውስጡ መስታወት ነው፣ ካቨር ከሌለው በአውቶብስ ቦርሳ ውስጥ ሰው ሲደገፍበት ያበቃል። ካሜሪካም ሲመጣ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ይያዝ በይው።

ፒያሳ_ፋርማሲ፦
ደግሞ የቻርጅ ቀዳዳውን ተመልከቺ፣ የቆዩት ማይክሮ ዩኤስቢ ናቸው፣ ከኋላ የመጡት ዩኤስቢ ሲ። የስልክሽ ገመድ የሚገባበትን ውሰጂ፣ አንድ ገመድ በጠፋ ቁጥር ማንበብ አይቆምም። ስካኑ ምን እንደሚመስል በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ፋርማሲ ነኝ፣ ፋይሉን ይዘሽ ነይ።

የአዘዞዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ፒያሳ ሄጄ የፋርማሲውን ልጅ ሪደር ሞከርኩት (ቡናም ጋበዘኝ፣ ሸጋ ልጅ ነው)። እንግሊዝኛው እንዳላችሁት ነው፣ ቃል ጫን አደረግኩ ትርጉሙ መጣ፣ እዛው ቆሜ አስራ አምስት ገጽ አነበብኩ ደንበኛ እየገባ እየወጣ። ከዛ ከኔ ፋይሎች አንዱን ጫነልኝ፣ ስካን ነው፣ ጉንዳን ማለት ትንሽ ነው፣ የጉንዳን እንቁላል ነው።

ቤት ገብቼ 60ውንም አንድ በአንድ እየተጫንኩ ቆጠርኳቸው። 41 ፎቶ። 8 የሰካራም እንግሊዝኛ። እውነተኛ ጽሑፍ የሆኑት 11 ብቻ ናቸው፣ ከነሱም ሁለቱ አንድ መጽሐፍ ሆነው ተገኙ። ሁለት ዓመት ሙሉ ላይብረሪ አለኝ ስል የነበረው ይሄን ነው። እና ወሰንኩ፣ ቢጫው ብርሃን ስለሚያስፈልገኝና ፋይል በኬብል መገልበጥ ስለሚቀለኝ ክላራ ቢደብልዩ አልኩት፣ ከነካቨሩ ከ150 ብዙም አያልፍም። ስካኖቹ በስልክ ይቀጥላሉ፣ ምን ይደረግ።

ባለ_ኮቦ_ማራኪ፦
41ዱን ሁሉ አትጣያቸው። ቴሰራክት የሚባል ነጻ ፕሮግራም የአማርኛ ፎቶን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። ስካኑ ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ነው፣ ከደበዘዘ ግን "ሰ"ን "ስ"፣ "በ"ን "ቡ" እያለ ያሾፍብሻል፣ ሰው ቁጭ ብሎ ማረም አለበት። እኔ አንዱን ለማረም ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

የቀድሞ_መምህር፦
የማረሙን ነገር ለኔ ላኪልኝ። ሠላሳ ዓመት ያረምኩት ሌላ ምን ነበር።

የአዘዞዋ፦
ጋሼ የምርዎን ነው? የመጀመሪያውን 20 ገጽ ዛሬ ማታ ልጁ ሲተኛ እልክልዎታለሁ። ቀዩን እስክሪብቶ እዚህ ላይ እንዴት እንደሚጠቀሙ ግን ባለ ኮቦ ያስረዳዎ።